ባሕሩ የሞቀበት ዓመት

በሕይወቴ እንደ ልቤ የዋኘሁበት ዓመት፣ አባቴ ዓሣ ያጣበት ዓመት ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ መሆናቸውን ያወቅኩት ግን ካደግኩ በኋላ፣ ባሕር በሌለበት አገር፣ ዴንቨር ከተማ ውስጥ ነው።

ያደግኩት አሰብ ነው። አባዬ ከወሎ ወደብ ላይ ሥራ ፍለጋ ወርዶ፣ የወደቡ ሥራ ሲያንገሸግሸው ዓሣ አጥማጅ የሆነ ሰው ነው። ዋና የማይችል ዓሣ አጥማጅ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ደረቱ ድረስ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ብትገድሉት አንዲት እርምጃ አይጨምርም። ደግነቱ ባልንጀራ ነበረው። የባልንጀራውን ስም አልጠራም፤ እኛ ልጆቹ ጋሼ ነበር የምንለው፣ እዚህም ጋሼ እለዋለሁ። ጋሼ መረቡን በጀልባ ጭኖ ይወጣና በግማሽ ክብ ዘርግቶት ይመለሳል። ከዚያ የአንደኛውን ጫፍ ገመድ አባዬ፣ የሌላኛውን ጋሼ ይይዛሉ፤ የሰፈሩ ሰው ከኋላቸው ተሰልፎ ወደ ዳርቻው ይጎትታል። ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልመጡ ዓሣው በክፍተቱ ሾልኮ ይሄዳል። ስለዚህ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነበር የሚጎትቱት፤ አንዱ ከፈጠነ ሌላው ይሰድበዋል። እኛ ልጆች ዓሣ መግባቱን የምናውቀው ስድባቸው ሲጠነክር ነው።

የሚያጠምዱት ትልልቁን ዓሣ አልነበረም። ትንንሹን ነው፤ ሰርዲኑን፣ ከጣት እምብዛም የማይበልጠውን፣ ከዳርቻ ሳይርቅ በመንጋ የሚሄደውን። አሸዋ ላይ ይሰጣል፣ የአሰብ ፀሐይ ቶሎ ታደርቀዋለች፣ ከዚያ በጆንያ እየተሞላ ይሸጣል። ሽታው ልብስ ውስጥ፣ ጸጉር ውስጥ፣ ዳቦው ውስጥ ሳይቀር ይገባል። እማዬ የዒድ ልብሳችንን በላስቲክ ጠቅልላ ከጣሪያው ሥር ትሰቅለው ነበር፤ ምንም አልጠቀማትም። ዒድ ሰላት ላይ ከፊታችን የሚሰግደው ሰው ዞር ብሎ ያየን ነበር። ያኔ በዚያ ሽታ አፍሬ ነበር፤ ዛሬ ባገኘው ግን ዓይኔን ጨፍኜ እምገው ነበር።

ዋና ያስተማረኝም ጋሼ ነው። አባዬ ዳርቻው ላይ ቆሞ «ልጄን ልትገድላት ነው!» እያለ ይጮሃል፤ ጋሼ መዳፉን ከሆዴ ሥር አድርጎ «አትስሚው፣ እሱ ድንጋይ ነው፣ አንቺ ግን ቅጠል ነሽ» ይለኛል። አንድ ቀን መዳፉን መቼ እንዳነሣው ሳላውቅ ተንሳፍፌ ቀረሁ። ቀና ስል ጋሼ እጁን በደረቱ ላይ አጣምሮ እየሳቀ ነበር።

ማሾውን ያመጣው እሱ ነው። ማሾ በላምባ የሚሠራ፣ ዓይን የሚወጋ መብራት ነው፤ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ጀልባ ላይ ሲሰቀል ትንንሹ ዓሣ ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባል። በዚያ ዓመት ዓሣ እንደ ጉድ ተያዘ፤ ጆንያ ጠፋ፣ የአሸዋው ማስጫም አልበቃ አለ። አባዬ ግን ማሾውን ገና ከመጀመሪያው አልወደደውም። «ዓሣ በቀን ይጎተታል፤ ሌሊት እንኳ ይተኛበት» ይል ነበር። ጋሼ ይስቅበታል፤ አባዬም እየተነጫነጨ ዓሣውን ያደርቃል።

በቀጣዩ ዓመት ዓሣው ሳይመጣ ቀረ። ሰው በዓሣው ወቅት ዳርቻው ላይ ቆሞ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ መረቡ የሚያወጣው የባሕር ሣርና ሸርጣን ብቻ ሆነ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ሴቶቹ ሳፋቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ባዶውን ይዘው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ጠዋት አባዬ ገመዱን ጣለና ሊጎትት በመጣው ሰው ሁሉ ፊት ጣቱን በባልንጀራው ላይ ቀሰረ።

«የባሕሩን ዘር የጨረስከው አንተ ነህ! አንተና ማሾህ ናችሁ!»

ጋሼ የያዘውን ገመድ ቀስ ብሎ አሸዋው ላይ አስቀመጠ፣ እጁን በሽርጡ ጠረገና ሄደ። አባዬ ደግሞ ከእንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር በአንድ ኩባያ ውሃ አልጠጣም ብሎ ማለ። መረብ ለብቻ አይጎተትም፤ ተጠቅልሎ ግድግዳ ሥር ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ የአገሩ መከራ መጣና ሰፈሩን እንዳለ በየአቅጣጫው በተነው። እኛ በጅቡቲ በኩል ወጣን፤ ጋሼ በየት በኩል እንደወጣ አላወቅንም።

የአላህ ሥራ ይገርማል። ከዓመታት በኋላ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ደርሰን፣ ሃቫና ስትሪት አጠገብ አፓርትመንት ይዘን፣ አባዬ የመጀመሪያውን የዒድ ሰላት ሊሰግድ ሄደ። አዳራሹ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያወልቅ፣ አጠገቡ ጫማውን የሚያወልቀው ሰው ጋሼ ሆኖ ተገኘ። አባዬ ጫማውን መልሶ አጠለቀና በሌላ በር ገባ። ከሰው ሁሉ፣ ከዓለም ከተሞች ሁሉ፣ ይኸው ሁለቱ አንድ ቦታ ተወረወሩ።

ይህም አልበቃ ብሎ ሁለቱም ታክሲ ነጂ ሆኑ። ሁለቱም ኤርፖርት ይሠራሉ፤ ተራ መጠበቂያው ላይ አባዬ ሆን ብሎ መኪናውን ከጋሼ አርቆ ያቆማል። ሰርግ የሚደግስ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጨነቀው እነዚህን ሁለት ሰዎች የት እንደሚያስቀምጥ ነበር። ዒድ በመጣ ቁጥር ሽማግሌ ይላካል። አባዬ ሽማግሌዎቹን ሻይ ያጠጣል፣ ምክራቸውን አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፣ እስከ መኪናቸው ይሸኛቸዋል፣ እሺ ግን አይልም። ጋሼ ዘንድ የሄዱት ደግሞ «አቀርቅሮ ዝም አለን፣ አንዲት ቃል አልወጣውም» ብለው ይመለሳሉ። ሰው ሁሉ ኩራት ነው አለ። አባዬም «አያችሁት አኩራፊውን?» ይላል፤ ራሱ አኩርፎ ሌላውን አኩራፊ ሲል አያፍርም። እኔም ኩራት ነው ብዬ አምኜ ነበር። በየሰርጉ ጋሼን ከአዳራሹ ማዶ አየዋለሁ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል፣ እኔም አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ። ሄጄ አቅፌው ቢሆን ምን ነበረበት እያልኩ ቤቴ እገባለሁ።

እሑድ እሑድ ከአባዬ ጋር ሃቫና ላይ ወዳለው የኮሪያዎች ገበያ እንሄድ ነበር። ሰበቡ አትክልት ነው። ከአትክልቱ በኋላ ግን እግሩ ሁልጊዜ ወደ አንድ ረድፍ ይወስደዋል፤ ትንንሽ የደረቁ ዓሦች በላስቲክ ታሽገው ወደሚሸጡበት። አንዱን አንስቶ ወደ መብራቱ ያቀርባል፣ ይገለብጠዋል፣ ያሸተዋል፤ ላስቲኩ ግን ምንም አያሸትም።

«ይሄ ደህና አድርጎ አልደረቀም» ይለኛል። «ሆዱ ጠቁሯል። አልገለበጡትም።»

«ለኮሪያዎቹ ንገራቸዋ።»

«ምን አገባኝ» ይልና መልሶ ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል። አንድም ቀን ገዝቶት አያውቅም።

እኔ ያን ጊዜ ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ላይ ገንዘብ መቀበያ ቡዝ ውስጥ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። አንድ የሳይንስ ክላስ መውሰድ ግዴታ ነበርና ስለ ውቅያኖስ የሚያስተምረውን መረጥኩ። ሰበቤ ስንፍና ነው፤ ባሕር ላይ ያደግኩ ሰው ምን ይከብደኛል ብዬ ነው። አብረውኝ የሚማሩት ኮሎራዶ ተወልደው ያደጉ፣ ተራራ እንጂ ባሕር በቅጡ ያላዩ ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያውን ፈተና ግን እነሱ አለፉ፣ እኔ ወደቅኩ። ለካ ባሕር አጠገብ ማደግና ባሕርን ማወቅ ለየቅል ናቸው።

አስተማሪዋ ጸጉሯን እርሳስ ሰክታበት የምትዞር፣ ስለ ነፋስ ስታወራ ድምፅዋ የሚያምር ሴትዮ ነበረች። አንድ ቀን የዳርቻ ዓሣ የሚለውን ትምህርት ጀመረች። ነፋስ በዳርቻው በኩል ሲነፍስ የላዩን ውሃ ይገፋዋል፤ በቦታው ከታች ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል፤ ያ ቀዝቃዛ ውሃ ለባሕር እንደ ማዳበሪያ ነው አለች። ፀሐይ ስታገኘው ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ዕፅዋት ይበቅላሉ፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሰርዲንና መሰሎቹ የሚበሉት ያንን ነው። ነፋሱ ከሰነፈ ግን የሞቀ ውሃ ላይ ላዩን እንደ ክዳን ይቀመጣል፣ ከታች ያለው ምግብ መውጫ ያጣል። ከእንቁላል የወጡት ገና በሕፃንነታቸው ይራባሉ፣ ትልልቆቹም ምግብ ፍለጋ ይሸሻሉ። እነዚህ ዓሦች ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ አንድ ክፉ ወቅት ብቻ ይበቃል፤ ዳርቻው ወዲያው ባዶ ይሆናል።

«እና እንዴት ታውቁታላችሁ?» አለች። «ውሃው ያምራል። ይሞቃል፣ ይጠራል፣ ሰማያዊ ይሆናል። ቱሪስት ይወደዋል። የጠራ ባሕር ግን ብዙ ጊዜ የተራበ ባሕር ነው።»

እርሳሴን አስቀመጥኩ። እኛ ዘንድ በነፋሱ ወቅት ባሕሩ ይቀዘቅዛል፤ ከንፈራችን እየተንቀጠቀጠ ነበር የምንወጣው፣ እማዬም ትቆጣን ነበር። ውሃው ስለሚደፈርስ ጉልበታችንን እንኳ አናየውም። ያን ዓመት ግን፣ ዓሣው የጠፋበትን ዓመት፣ ወቅቱ መጥቶ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ቀረ። አንገቴ ድረስ ገብቼ የእግሬን ጣቶች አይ ነበር። ጠዋት ገብተን የምንወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ሲርበን እንኳ አንወጣም። አላህ ለኛ ለልጆች ብሎ ባሕሩን ያሞቀው ነበር የመሰለኝ። እናቶቻችን ዳርቻው ላይ ባዶ ሳፋ ይዘው ቆመው፣ እኛ በዚያው ውሃ ውስጥ በደስታ እንጮህ ነበር።

ከክላስ በኋላ አስተማሪዋን ያዝኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማሾውንም፣ ጸቡንም። ውሃው ምን ዓይነት ቀለም ነበረው፣ ነፋስስ ነበረ ወይ እያለች ጠየቀችኝ። ከዚያ ጥንቃቄ በተሞላ አነጋገር መለሰችልኝ። ያንን ባሕር ማንም እንደለካው አታውቅም፣ ስለዚህ በእርግጠኝነት መናገር አትችልም። መብራቱም ጥፋት የለበትም አትልም፤ ውሃው በከፋበት ዓመት ሰው ማጥመዱን ካልቀነሰ ጉዳቱ ይብሳል። ግን የነገርኳት ምልክት ሁሉ የተራበ ውሃ ምልክት ነው፤ አንድ ጀልባና አንድ መብራት ብቻቸውን ዳርቻ ያራቁታሉ ብላ ለማመን ይከብዳታል።

በዚያው ሳምንት እማዬ ወሬ ይዛ መጣች። ጋሼ ታክሲውን ሊያቆም ነው፣ ልጁ ዘንድ ሲያትል ጠቅልሎ ሊሄድ ነው። አባዬ «ይሂዳ» አለና ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። እኔ ግን ልቤ ተሸበረ። እነዚህ ሰዎች ሳይታረቁ ሊለያዩ ነው፤ ሁለቱም አርጅተዋል፤ ከእንግዲህ የሚገናኙት በመርዶ ነው። ተከትዬው ሳሎን ገባሁና ስለ ነፋሱና ስለ ውሃው ነገርኩት።

«ፈረንጅ አሰብን የት ያውቃል?» አለ ገና ሳልጨርስ።

«አሰብን አታውቅም፣ ባሕርን ግን ታውቃለች።»

«ባሕር የየአገሩ ነው! ዘሩን የጨረሰው ማሾው ነው። ያን ዓመት እኮ የኛ ብቻ መስሎሻል? ጢዮ ድረስ ነው ዓሣ የጠፋው!»

ጢዮ ከአሰብ በስተ ሰሜን በጣም ሩቅ ነው።

«ጢዮ ማሾ የነበረው ማን ነበር?» አልኩት።

«ማንም አልነበረውም» አለ።

እማዬ ከኪችን ሳቀች። «ማሾው እስከ ጢዮ ካበራ፣ ታዲያ መንግሥት መብራት ኃይልን ምን ያደርግለት ነበር?»

አባዬ ከሶፋው ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባ። ሰላት ልሰግድ ነው አለ፤ የሰገደውን ሰላት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ደስ ይሉኛል ሳስታውሳቸው። ሥራ ሲያደርሰኝ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆመን፣ ወደ ፊት እያየ ድንገት ይጠይቀኛል። «ያቺ አስተማሪሽ፣ ነፋሱ ከየት ነው መምጣት ያለበት አለች?» ሌላ ቀን ደግሞ «ክዳን ነው ያለችው? የሞቀው ውሃ?» ይለኛል። አንድ ቀን መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና ወደኔ ዞረ።

«እውነት ውሃው ሞቃት ነበር?»

«አባዬ፣ አንተም እኮ ደረትህ ድረስ ትገባ ነበር።»

«እኔ ዓሣውን ነበር የማየው» አለ። «ውሃውን ልብ አላልኩትም።»

ቅዳሜ ዕለት ሥራ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና «ነይ፣ ኤርፖርት ድረስ አብረሽኝ ሂጂ» አለኝ። ምን ላደርግ ስለው «አንቺ ነሽ የተማርሽው። እኔ እንግሊዝኛውን አልችለውም» አለ። የነገርኩት በአማርኛ ነበር። አፌ ላይ የመጣውን ቀልድ ዋጥኩት።

ታክሲዎቹ ተራ የሚጠብቁበት ሎት ሜዳው መሐል ነው፤ ነፋስ አያጣውም። ነጂዎቹ ግማሹ ካርታ ይጫወታል፣ ግማሹ በመኪናዎቹ መካከል ምንጣፍ ዘርግቶ ይሰግዳል። አባዬ እንደ ልማዱ አርቆ አላቆመም። ከጋሼ መኪና ጎን ፓርክ አደረገ። ካርታ የሚጫወቱት ካርታቸውን ይዘው ቀሩ። አባዬ ወርዶ የጋሼን መስኮት በጣቱ አንኳኳ። መስኮቱ ወረደ። ጋሼ በቅርብ ሲያዩት በጣም አርጅቷል፤ መነጽሩ አንድ ጎኑ በፕላስተር ተይዟል። አባዬ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ውሃው ነው» አለ።

«የቱ ውሃ?»

«የአሰብ ነዋ! ያን ዓመት። ውሃው ነው እንጂ ማሾው አይደለም። ልጅቷ ተምራዋለች። ንገሪው እንጂ!»

ነገርኩት። ልጅ ሳለሁ አንተ የምለውን ሰው ያን ቀን አንቱ እያልኩ፣ እየተንተባተብኩ፣ ነፋሱንም፣ ቀዝቃዛውን ውሃም፣ ጢዮንም፣ ስንዋኝ የእግራችንን ጣት ማየታችንንም ነገርኩት። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ሰማኝ።

«አስተማሪሽ እርግጠኛ ናት?» አለኝ።

አዎ ብለው ያልቅ ነበር። አባዬ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ አዎ በይ እያለኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ለጋሼ ግን መዋሸት አልቻልኩም።

«እርግጠኛ አይደለችም» አልኩት። «ምናልባት ነው ያለችው። ማሾውም ትንሽ ጉዳት ሊኖረው ይችላል። ግን ብቻውን አይደለም፣ ብቻውን አይችልም ብላለች።»

«ምናልባት» አለ ጋሼ። መነጽሩን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ምናልባቱም ለኔ ብዙ ነው።»

አባዬ ተቆጣ። ልቡ ሲነካ ከቁጣ ሌላ አያውቅም። «ታዲያ አትናገርም? ይህን ሁሉ ዓመት አኩርፈህ፣ ሽማግሌ ስትመልስ! ማሾዬ አይደለም ማለት አቅቶህ ነው?»

«ማን አኮረፈ?» አለ ጋሼ። የእውነቱን ገርሞት ነበር። «ለሽማግሌዎቹ ምን ልበላቸው? የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያስራብኩ ሰው፣ በየትኛው ፊቴ አስታርቁኝ እላለሁ? እኔ አንተን አልተቀየምኩህም። ያልከኝን አምኜ እኮ ነው።»

ከኋላ ያሉት ታክሲዎች ጡሩምባ መንፋት ጀመሩ፤ የጋሼ ተራ ደርሶ ነበር። ጋሼ መኪናውን አላንቀሳቀሰም። አባዬ በሩን በሁለት እጁ እንደ መረቡ ገመድ አጥብቆ ይዞ፣ ዓይን ለዓይን እያየው ቆመ።